ወንዳፍራሽ ያነሳው የጉድጓድ ምስል

ወንዳፍራሽ ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ መውጫ፣ አከራያችን ኦቦ ቦጂያ ግቢ ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ይኖራል ስል በወር አንዴ ብቅ ይላል ማለቴ ነው። ሥራው ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ከመሬት በሚወጣ እንፋሎት መብራት ለማመንጨት ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታ። እሱ አይቆፍርም። የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ መሣሪያ በሽቦ ያወርዳል፤ መሣሪያው ዙሪያውን ድምፅ እየላከ ከሚመለሰው ድምፅ የግድግዳውን ምስል ያነሳል።

"ደግሞ ድምፅ ፎቶ ያነሳል?" ብዬ ስቄበት አውቃለሁ። አልተቀየመም፤ ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየኝ። የዓለቱ የራሱ ስንጥቅ ምስሉ ላይ እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እንፋሎቱ የሚመጣው በእሱ በኩል ነው። ግድግዳው ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ጎኖቹ ተፈረካክሶ ከታየ ግን ዓለቱ ጉድጓዱን እየጨመቀው ነው ማለት ነው።

የኦቦ ቦጂያን አንድ ልጅ፣ ሊቤን፣ እዚያ ያስቀጠረው እሱ ነው። "ወንድምህ ነው፣ ዓይንህ አይለየው" ብለው አደራ ሰጡት። ሊቤ ቁፋሮው ላይ ቧንቧ ከሚያያይዙት አንዱ ሆነ። ሁለቱ የሚያድሩትም አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ነበር።

ባለፈው ክረምት የተነሳው ምስል መጥፎ ነበር። ግድግዳው ወደ ታች በተሄደ ቁጥር በሁለቱም ጎን እየባሰበት ይፈረካከሳል። እንዲህ ሲሆን ቁፋሮው ይቆምና ብረት ቱቦ ገብቶ ዙሪያው በሲሚንቶ ይታሰራል። አለቃው ቢንያም ግን ቸኩሏል። ቢንያም ደግሞ የወንዳፍራሽን ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጁ ነው፤ አበልጅን በሰው ፊት "አቁም" ማለት ከበደው። ሪፖርቱ ላይ "መቆም አለበት" በማለት ፈንታ "ቱቦው ቀድሞ ቢገባ ይመረጣል" ብሎ ጻፈ። ይሉኝታ የሚሉትን ነገር ከዚያ ወዲህ ጠልቼዋለሁ። ቢንያም አልመረጠውም፤ አስቀጠለ።

ግድግዳው ተናደና ቧንቧውን ቀረቀረው። በጉልበት ሲጎትቱት የማንሻው ሽቦ ተበጥሶ ሊቤን ደረቱ ላይ መታው። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ።

መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ሽማግሌዎቹ ወንዳፍራሽን አስከትለው ገቡ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። በር ላይ "ድንገተኛ አደጋ ነው በል፣ ሌላ አትጨምር" ሲሉት ሰምቻለሁ፤ ንድድ አለኝ። ኦቦ ቦጂያ መርዶውን ሰምተው አልጮሁም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ወንዳፍራሽን ብቻ ያዩት ጀመር።

"ኢልማ ኮ" አሉት፤ ሁልጊዜም ልጄ ነው የሚሉት። "እንዴት ሆነ?"

"የጉድጓዱ ግድግዳ ተናደ፣ አባቴ።"

"እንደሚናድ አስቀድሞ አይታወቅም?"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ወንዳፍራሽ ግን መዋሸት አቃተው።

"ይታወቃል። ምስሉን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለአለቃችን ጽፌለት ነበር።"

"ለሊቤስ ነግረኸው ነበር?"

ቢዋሽ ኖሮ በዚያች ሰዓት እኔ ራሴ ይቅር የምለው ይመስለኛል።

"አልነገርኩትም" አለ። "እንዳይፈራ ብዬ።"

"ቢፈራማ ይኸኔ ቤቱ ነበር" አሉ ኦቦ ቦጂያ፣ ያኔ ማልቀስ ጀመሩ።