ንጉሡ በቪዲዮ ቤት የተቀበሩበት ቅዳሜ

የእንግሊዟ ንግሥት የተቀበሩ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ። በምሠራበት ሆስፒታል፣ በነርሶች ማረፊያ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን አለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተረኛውም ተረኛ ያልሆነውም እሱ ፊት ተሰብስቦ ነበር። አስታማሚዎች ሳይቀሩ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ወታደሮቹ እግራቸውን እኩል እያነሡ ሬሳውን ሲያጅቡ አንዷ ወጣት ነርስ፣ “እንዲህ ከሆነስ ሞትም ያምራል” አለች። ከአርማጭሆ ልጁን ሊያስታምም የመጣ አንድ ገበሬ ደግሞ በመስኮቱ በኩል፣ “ይህን ሁሉ ቀን ሳይቀብሯት ምነው አቆዩዋት? አገሩ አፈር የለውም?” ሲል ጠየቀ። ሰው ሳቀ። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ።

ወጣት ሳለሁ የራሳችን ንጉሥ ሲቀበሩ አይቻለሁ፤ ያየሁትም እዚሁ ጎንደር፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወዲህ የነገሥታት ቀብር ማየት አይሆንልኝም። ምክንያቱ ንጉሡ አይደሉም፤ እናቴ ናት።

ንጉሠ ነገሥቱ ከሞቱ ሩብ ምዕት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ከቤተ መንግሥት ግቢ ተቆፍሮ የወጣው አጥንታቸው በጥቅምት ወር አዲስ አበባ ላይ በክብር ተቀበረ። እኛ ጎንደር ያለን ሰዎች ወሬውን በሬዲዮ ሰማን። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ቀብሩ የተቀረጸበት ካሴት በአንድ ነጋዴ እጅ ከተማችን ገባ። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የነበረው ቪዲዮ ቤትም የካራቴና የህንድ ፊልሙን ለአንድ ቀን ትቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደሚያሳየው በሩ ላይ ለጠፈ።

ጎረቤታችን አያ ክንዴ ይህን ሲሰሙ መቀመጥ አቃታቸው። በጉብዝናቸው የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ከዘራቸውን እየጎተቱ ወደ ቤታችን መጡ።

“ስመኝ፣ አንቺ እያየሽ ትነግሪኛለሽ” አሉኝ። ወደ እናቴም ዞረው፣ “አንቺም ነይ እንጂ። ጌታዬን ብቻዬን አልሸኝም” አሉ።

እናቴ እሺ አለች። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅሁ። እናቴ ከሰው ቀብር አትቀርም፤ ድንኳን ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች፣ ሲነሡ ትነሣለች፣ ግን አታለቅስም። አገር ይህን ያውቅባታል። ታላቅ ወንድሜ አዱኛ ተማሪ ሳለ፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ አብዮት ጠባቂዎች ከቤት ወስደውታል። እኔ ያኔ ጡት አልተውሁም። መሞቱን ነገሯት እንጂ ሬሳውን አልሰጧትም። ማልቀስም ክልክል ነበር። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ከረመች፤ ማልቀስ ሲፈቀድ ደግሞ እንባው እምቢ አላት። ጥቁርም ለብሳ አታውቅም። “ሬሳውን ሳላይ ለምን ብዬ ነው የምለብስ?” ትላለች ለሚጠይቃት ሁሉ።

ቪዲዮ ቤቱ ያን ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን መስሎ ነበር። አሮጊቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ባለቤቱ ግድግዳው ላይ ያሉትን የካራቴ ሥዕሎች ነቅሎ አንሥቷቸዋል። ከኋላ የቆሙ ጎረምሶች ብቻ የሽምብራ እሸት እየፈለፈሉ ይበላሉ፤ ጾም ስለሆነ በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ አፉ ላይ የሽምብራ እሸት ነበር፤ ገለባው እግራችን ስር ይንኮሻኮሻል።

ሰንደቅ ዓላማ የለበሰው ሣጥን ብቅ ሲል ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። አያ ክንዴም ትከሻዬን ተደግፈው ቆሙና እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ። የጎፈር ቆብ ያደረጉ አርበኞች በሣጥኑ ፊት ሲያልፉ፣ “አሁን የት ደረሱ?” ይሉኛል በየመሐሉ። “ካህናቱ ተቀበሏቸው” እላለሁ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ አይጠርጉትም።

ሁሉም ግን እንደዚያ አልነበረም። ኮት የለበሰ አንድ ጎልማሳ ከመሐል፣ “በረሃብ ያለቀውን ሕዝብስ ማን እንዲህ አድርጎ ሸኘው?” አለ። ሌላው፣ “ሬሳ ፊት እንዲህ አይባልም” ሲል መለሰለት። ከጎረምሶቹ አንዱ ደግሞ፣ “መንግሥት መች ቀበራቸው፤ ቤተ ክርስቲያንና ዘመድ ነው እንጂ” አለ። አንዲት አሮጊት ዞር ብላ፣ “የቀበረማ ማንም ይሁን፣ መቀበራቸው አይበቃም?” አለችው። ኮት የለበሰው ሰውዬ ትንሽ ቆይቶ ሹልክ ብሎ ወጣ። ሲያልፈን ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ለማን እንዳለቀሰ እንጃ።

እናቴ መቃብሩ ተከፍቶ ሣጥኑ ሲወርድ አጠገቧ ወደተቀመጡት አስተማሪ ጠጋ አለችና፣

“አጥንታቸውን ማን አገኘው?” አለቻቸው።

“ራሳቸው የቀበሩት ናቸው ያሳዩት ይባላል። ታስረው ሲጠየቁ ተናገሩ አሉ” አሏት።

“የቀበሩት ሰዎች” አለች እናቴ። ከዚያ በኋላ ቪዲዮውን አላየችም፤ ጉልበቷን አቅፋ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። ከቤቱ ወጥተን አያ ክንዴን ካደረስን በኋላ እጄን ያዘችኝ። “ያ ሰውዬ አይከል ነው ያለው” አለች።

የትኛው ሰውዬ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አዱኛን ከቤት ካወጡት መካከል የሰፈራችን ልጅ የነበረ አንድ አብዮት ጠባቂ አለ። ታስሮ ሲፈታ ዘመዶቹ ወዳሉበት ወደ አይከል ሄዷል። ስሙን በቤታችን አንጠራውም ነበር፤ ልጆች ስላሉት ዛሬም አልጽፈውም።

“እማ፣ ተይ። ምን ይልሻል ብለሽ ነው?” አልኋት።

“ንጉሥን ያወጣ አፈር የእኔን ልጅ ምነው ይከለክለኛል” አለችኝ።

ሰኞ ማለዳ በአውቶቡስ ሄድን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፉ ነዶ ተከምሮ፣ በየአውድማው በሬዎች እየዞሩ፣ አገሩ እንደ ወርቅ ያብረቀርቅ ነበር። መንገዱ ጠጠር ስለሆነ አቧራው በመስኮት ይገባል። እናቴ አቧራውን ከፊቷ በነጠላዋ እየጠረገች አይከል ደረስን።

ሰውዬውን ቤቱ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘነው። ከእናቴ በዕድሜ ያንሳል፤ ግን ከስቶ ሽማግሌ መስሏል። ሲያያት አወቃት። ሚስቱ ማን እንደሆንን ሳታውቅ ወንበር አወጣችልን፤ ቆሎ በሰፌድ አቀረበችልን። እናቴ አልነካችውም። አልተቀመጠችምም።

“ልጄን የት እንዳደረጋችሁት ያሳዩኝ” አለችው። በሕፃንነቱ ቤታችን ሲሮጥ ያደገውን፣ ልጇን የወሰደባትን ሰው አንቱ አለችው። በዚያ ቀን ከሆነው ሁሉ አንጀቴን የቆረጠው ይህ ነው።

“እናቴ፣ እኔ የማውቀው የለም። ታስሬበታለሁ፣ ጨርሻለሁ” አለ።

“እስርዎን አልጠየቅሁም።”

“ብዙ ነበሩ። ፊታቸውን አላየሁም።”

“አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ነበር። እኔ ነኝ የሠራሁለት።”

እናቴ ያኔ ተንበረከከችና እግሩን ያዘች። ላነሣት ብል እጄን ወረወረችው። ሚስትየዋ ሰፌዱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሰውዬው እግሩን ማስለቀቅ አልቻለም፤ ወደ ሚስቱም ማየት አልቻለም። በመጨረሻ፣ “ተነሡ፣ አሳያችኋለሁ” አለ። ኮቱን ደረበና ከፊት ከፊታችን ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

አዘዞ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አስቁሞ አወረደን። ከመንገዱ ዳር አንድ ጉብታ ነበር፤ ግማሹ ተቆርጦ ሄዷል። ቀይ አፈሩ እንደ ቁስል ክፍት ነው። የማኪና ጎማ ዱካ እስከ ሥሩ ድረስ ይገባል።

“ከዚያ ግራር እስከዚህ ነበር” አለ በእጁ እያመለከተ።

ለእናቴ የሚያሳያት ቦታ ላይ ምንም አልነበረም፤ አየር ብቻ ነው። “አፈሩስ?” አለችው።

“መንገዱ ሲጠገን ጠጠር ያወጡበት ነበር። እኔም ስፈታ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት።”

“ወዴት ወሰዱት?”

ሰውዬው ወደ መንገዱ አየ። እናቴም አየች፤ እኔም አየሁ። ያ አቧራ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከፊቷ ስትጠርገው የነበረው አቧራ፣ አሁንም ነጠላዋ ላይ ነበር።

እናቴ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። መውደቅም መቀመጥም የማይባል ዓይነት ነው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ ዘረጋችና አቧራውን በእጇ ትዳብሰው ጀመር። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ቆሙ። “ማን ሞቶባት ነው?” አለችኝ እንጨት የተሸከመች ሴት። “ልጇ” አልኋት። መቼ ብላ አልጠየቀችም። ሸክሟን አወረደችና ደረቷን እየመታች ታለቅስ ጀመር። ሌሎችም ተጨመሩ። በግ የሚነዱ ወንዶች በጋቸውን ትተው ጋቢያቸውን አጋድመው ቆሙ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መንገዱ ዳር ለቅሶ ቤት ሆነ። ስሙን እንኳ ለማያውቁት ልጅ አለቀሱለት።

እናቴ ብቻ አላለቀሰችም። ዓይኗ ደርቆ መንገዱን እያየች፣ ዜማ በሌለው ድምፅ፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል እንዲህ አለች፦

ንጉሥም ተገኘ ካፈር ተፈልጎ፣
የኔ ልጅ ብቻውን ቀረ ተሸሽጎ።

ሰውዬው ለብቻው ፈንጠር ብሎ ቆሟል። አንድ ሽማግሌ የሟች አባት መስሏቸው ይሆናል፣ ወደ እሱ ሄደው እጁን ያዙት። “እግዜር ያጽናህ፣ ወንድሜ” አሉት። እጁን አልነጠቀም። አንገቱን ደፍቶ፣ እሳቸው እስኪለቁት ድረስ ቆመ። ልጮህ ብዬ ተውሁት። ዞር ብዬ እናቴን ካነሣሁ በኋላ ስፈልገው ወደ አይከል የሚሄድ ማኪና ላይ ሲሳፈር አየሁት። ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም።

ቤት ስንገባ እናቴ ቀሚሷን አውልቃ ጥቁር አስነከረች። እስክትሞት ድረስ አልለወጠችውም። በዚያ መንገድም አልሄደችም። የገዛ እኅቷ ልጅ አይከል ሲዳር፣ የሰርግ ማኪና በር ላይ መጥቶ ቆሞ እየጠበቃት፣ “አልረግጠውም” ብላ ቀረች። አያ ክንዴ ሊያጽናኗት እየመጡ ስለ ንጉሡ ቀብር ማውራት ሲጀምሩ ተነሥታ ትወጣ ነበር። ስትሞት ቄሱን ለምኜ በፍትሐቱ ላይ የአዱኛን የክርስትና ስም ከስሟ ጋር አስጠራሁ። ማድረግ የቻልሁት ይህን ብቻ ነው።

እኔም አሁን ያኔ ወደነበረችበት ዕድሜ ተጠግቻለሁ። ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ጎረቤቴ ልጇን አዝላ ወደ ቤቴ መጣች። ባሏ ለሥራ ወደ ሳንጃ እንደወጣ ወሬው ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ያልጠየቀችው ቦታ፣ ያልተሳለችበት ደብር የለም። ብዙ ተቀምጣ፣ “እትዬ ስመኝ፣ ጥቁር ልልበስ ወይስ ልጠብቅ?” አለችኝ።

ሞትን ለቤተሰብ መንገር ሥራዬ ነው፤ እንዴት እንደሚነገር ተምሬያለሁ። ይህን ግን ያስተማረኝ የለም። እናቴ ሁለቱንም አድርጋዋለች። የዕድሜዋን እኩሌታ ጠበቀች፣ የቀረውን ጥቁር ለበሰች፤ በአንዱም አላረፈችም። ይህን ለዚያች ልጅ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርጄ ታቀፍሁላት። “ዛሬ እዚሁ እደሩ” አልኋት።