ቀን የተፈተኑ አልጋዎች

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌሊት ተረኛ ነርስ ስለነበረች፣ ጡረታ ከወጣችም በኋላ ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። ከአባታቸው የወረሱትን የገጠር ቤት ከታናሽ ወንድሟ ጋር አድሰው ደህና የእንግዳ ማረፊያ አደረጉት፤ ሦስት ሰፋፊ ክፍሎች፣ የተወለወለ የእንጨት ወለል፣ ነጭ አንሶላ፣ ጠዋት ትኩስ ዳቦ። ከተማ የሚኖረው ወንድሟ ከመስኮቶቹ ፊት ለፊት ኩሬ አስቆፈረ። ልቡ ግን ቤቱን ከመሸጥ ሐሳብ አልተመለሰም።

«እትዬ፣ የመጀመሪያው እንግዳ ደስ ብሎት ካልሄደ ለደላላው እደውላለሁ» አላት። ተስማማች።

ከዚያ ክፍሎቹን እንደ በሽተኛ መረመረቻቸው። አሠራሯ ግሩም ነበር! በየክፍሉ ራሷ ትተኛለች። መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና ማብሪያውን በእጇ ትፈልጋለች፤ ካጣችው ቦታው ይቀየራል። ቀጥሎ ትራሱን፣ ከዚያም የሚንቋቋውን ጣውላ ታያለች። በሦስቱም አልጋዎች ላይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት።

የመጀመሪያው እንግዳ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ለሁለት ሌሊት መጡ። በማግስቱ ዓይናቸው በርበሬ መስሎ ለቁርስ ቀረቡ።

«እንዴት አደሩ?»

«የኩሬው እንቁራሪቶች ደህና አድረዋል። እኔ ስብሰባቸውን ስከታተል ነጋ።»

እንግዳውን ለማየት ከከተማ የመጣው ወንድሟ ወደ እሷ ዞር አለ። «እትዬ፣ አልጋዎቹን የሞከርሽው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ጠዋት ገብቼ እስከ...» አለችና አፏን ያዘች። እሷ እኮ እስካሁን የምትተኛው ቀን ነው! ሌሊቱን የምታነበው ደግሞ ከጓሮ ባለችው ክፍሏ ነው፤ ወፍራሙን የድንጋይ ግንብ አልፎ የሚሰማ ድምፅ የለም።

«የኔን ክፍል ይውሰዱ» አለቻቸው።

«እንግዳ ጓሮ ይተኛል እንዴ?» አለ ወንድሟ።

«ጉባኤ የሌለበት ይሁን እንጂ ጓዳም እተኛለሁ» አሉ ዳኛው።

በማግስቱ ቁርሱ አንድ ሰዓት ላይ ቀረበ። ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ወንድሟ ስልኩን እያገላበጠ «ተቀይመው ሄደው ይሆናል፤ ልቀስቅሳቸው?» አለ።

«ንክች እንዳታደርግ! የተኛ በሽተኛ አይቀሰቀስም።»

አራት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። የትራሱ መስመር በዳኛው ጉንጭ ላይ ታትሟል።

«ቁርስ አመለጠኝ? ለሚቀጥለው ወር ይህችኑ ክፍል ያዙልኝ።»

«ለርስዎ ትሁን። እኔ ኩሬው ጋ እተኛለሁ፤ እንቁራሪቶቹም እንደኔ የሚተኙት ቀን ነው» አለች ሲስተር።

ወንድሟ ስልኩን ኪሱ ከተተና እጅጌውን ሰበሰበ።

«ሌሎቹ እንግዶችስ የት ሊተኙ ነው? ኩሬውን ልድፈነው፤ አካፋው የት ነው ያለው፣ እትዬ?»