እናቴ የወፈረችበት ጊዜ

እናቴ ከሲታ ነበረች። አስም ነበረባት፤ የድሬ አቧራ ሲነሳ ደረቷ እንደ ወናፍ ይጮሃል። ጎረቤቶቻችን «ምነው አንቺ፣ ባልሽ አያበላሽም እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባታል። እዚያው ትስቅና ቤት ገብታ ታኮርፋለች። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ እንጀራ የማያጣ ሰው ሚስቱ ስትከሳ የሚታማው እሱ ነበር።

ሐኪሙ ኮርቲዞን የሚባል ክኒን ጀመረላት። ትንፋሿ መለስ አለ፤ ተኝታ ማደር ጀመረች። ሐኪሙ ግን አስጠንቅቆ ነበር። «ይህ መድኃኒት ሲቆይ ሌላ በሽታ ያመጣል። በየወሩ እየመጡ ይመዘናሉ፣ የደም ግፊትዎ ይለካል፣ ሽንትዎ ለስኳር ይመረመራል። በራስዎም እንዳያቋርጡት» አላት። ሁላችንም ሰማን። በጆሯችን የቀረው ግን «እንዳያቋርጡት» የሚለው ብቻ ነው።

ከዚያ ወፈረች። ፊቷ ድቡልቡል አለ፣ ጉንጯ ቀላ። ወይ ጉድ፣ የሰፈሩ ደስታ! ሐረሪዋ ጎረቤታችን እናቴን ባየች ቁጥር «ማሻአላህ! አቦ፣ እንዴት አምሮብሻል!» ትላለች። አባቴ እሁድ እሁድ አብሯት መውጣት አበዛ፤ ቀሚስና ጫማ ከጅቡቲ አስመጣላት። እኛ ልጆቿም ኮራን። ወፍራም ሰው ይታመማል ብሎ ማን ያስባል?

ጣጣው በሚዛኑ መጣ። ሚዛኑ የተቀመጠው ወረፋ ጠባቂው በተኮለኮለበት ኮሪደር ላይ ነው፤ ነርሷ ደግሞ ኪሎውን ጮክ ብላ ትናገራለች። አንድ ቀን እናቴ በግና ተመለሰች። «እኔ የጆንያ ጤፍ ነኝ እንዴ ሰው ፊት የምመዘነው? በሰው ዓይን ሊያስበሉኝ ነው!» እግዜር የሰጠው ሥጋ ተመዝኖ አይነገርም አለች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት በዚህ አንድ ሆነ። አባቴም «ተዉአት» አለ። ክኒኑን ጅቡቲ የሚመላለስ ባልደረባው ያመጣላት ጀመር፤ ሐኪም ቤት መሄድ በዚያው ቀረ።

ቆይታ ውሃ መጠጣት አበዛች። ድሬ ላይ ውሃ የማይጠማው ማን አለ? ሽንት መመላለሷንም «ውሃው ነው» አልን። ከዚያ ጫማው ተረከዟን ላጠው። ቁስሉ አልድን አለ፤ ማር ቀባንበት፣ ጠቆረ። ተሸክመን ስንወስዳት ሐኪሙ ሽንቷን አስመረመረና ራሱን ነቀነቀ። ስኳር ነበር። «በየወሩ ብናያቸው ኖሮ በጊዜ እንደርስበት ነበር» አለን። እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ያንገበግበኛል። ያን ሰሞንማ ንዴቴ ለማንም አይመለስም ነበር፤ «ማሻአላህ» ያለውን ሁሉ ጠላሁ። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ፋሻዋን ስቀይርላት አላስችል አለኝ።

«እማዬ፣ ምን አለበት ተመዝነሽ ቢሆን ኖሮ? የሰው ዓይን ከእግር ይብሳል?»

ትቆጣኛለች ስል አልተቆጣችም። «ዓይኑስ ሰበብ ነው፣ ልጄ» አለች። «ሐኪሙ ውፍረቴን ካየ ክኒኑን ይቀንስብኛል፣ ተመልሼ እከሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። አባትሽ ቀና ብሎ ያየኝ እኮ ያኔ ነው።»

ዞር ስል አባቴ ምሳዋን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።