ማኮብኮቢያው ላይ የተሰጣው ቡና

ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያውን የሚጠብቀው ሌላ ነው። በደርግ ጊዜ ግን ጅማ ውስጥ ከብትና ሰው ማኮብኮቢያው ላይ እንዳይገባ የማድረግ ኃላፊነት የቀበሌያችን ነበር። ቀበሌ ስለ አውሮፕላን ምን ያውቃል አትበሉኝ፤ እኔም ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አውሮፕላን ሲመጣ ከማረፊያው ቢሮ ለቀበሌ ይደወላል፣ ቀበሌ ፊሽካ ያስነፋል፣ ተረኛው ጥበቃ ሜዳውን ያጸዳል። በቃ ይኸው ነው።

አጎቴ ከጥበቃዎቹ አንዱ ነበር። በቡና ለቀማ ወቅት ዝናቡ አልቆም ያለበት ዓመት ነው፤ ደጃፉ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ቡናው ሊሻግት ደረሰ። ደረቅና ደልዳላ ቦታ ማኮብኮቢያው ብቻ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ከሰርቦ ያስመጣውን ቡና እዚያ ጫፉ ላይ በሰሌን አሰጣ። አጎቴ፣ «ጓድ፣ አውሮፕላን ቢመጣስ?» ቢለው፣ «ፊሽካ ይነፋል አይደል? ያኔ ታነሳዋለህ» አለው። ሊቀመንበርን ማን እምቢ ይላል፣ አቦ።

አንድ ከሰዓት፣ ያልተደወለለት የጦር አውሮፕላን መጣ። አጎቴ ድምፁን ሰምቶ ቢሮጥም አልደረሰም። ሰሌኑ ጎማው ላይ ተጠቀለለ፣ አውሮፕላኑ ተንሸራቶ ሣር ውስጥ ገብቶ ቆመ። የሞተ የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ውስጡ ባለሥልጣን ነበረ፤ ነገሩም አሻጥር ተባለ። በአሻጥር ተይዞ የተመለሰ ሰው አላየንም።

ቡናው እዚያው እንደተበተነ ቀረ። አንዲት ፍሬ መሬት ላይ በማናስቀርበት አገር፣ ያን ቡና ጎንበስ ብሎ የሚያነሳ ጠፋ። ያነሳው ባለቤቱ ሊባል ነዋ።

ነገሩን የሚያጣራ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ፤ በዋዜማው ሊቀመንበሩ አጎቴ ቤት መጣ። አልተቀመጠም። ልጆቹን አንድ በአንድ እያየ፣ «ደህና ናቸው?» ብሎ ጠየቀና ሄደ። የአጎቴ ሚስት የዚያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

በማግስቱ ቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። ከላይ የመጡ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ራሱ ተነሣና፣ «ቡናው የማን ነው?» አለ። ወላሂ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። የማን እንደሆነ የማያውቅ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን።

አጎቴ ተነሣ። «የእኔ ነው» አለ።

«እርምጃ እንዲወሰድበት የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አለ ሊቀመንበሩ። ያላወጣ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን፤ እጆች ወጡ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሚስቱ ትንሹን ልጇን ከጭኗ አንስታ ለእኔ አቀበለችኝና፣ እሷም እጇን አወጣች።