ዩኑስ የተረተራት ግጥም

በደብረ ታቦር ገበያ የልብስ ሰፊውን የዩኑስን መኪና ድምፅ የማያውቅ ጆሮ የለም። እግሩ ይረግጣል፣ አፉ ያንጎራጉራል፤ መኪናው ከበሮ ሆኖ ይመታለታል፣ እሱ ያዜማል። ሱሪ ጠቦም ይምጣ፣ ቀሚስ ሰፍቶም ይምጣ፣ የድሮውን ክር ይተረትርና በአዲስ ይሰፋዋል፤ ካውያውን አንዴ ካሳረፈበት በኋላ የቱ ጋ እንደተተረተረ ባለቤቱም አያገኘው። «ስፌት ካወራ ሰፊው አልቻለም» ይላል። ኩራቱ ይቺ ናት።

ሌላው ኩራቱ ግጥም ነው። በሠርግ ቤት እሱ ያወርዳል፣ ከማዶ በርበሬና ጌሾ የምትሸጠው ዝናሽ ትቀበላለች፤ ሁለቱ ከተገናኙ ሙሽራው ይረሳል። ዛሬ ግን ጨዋታ ወዳዱ ግማሹ ባሕር ዳር፣ ግማሹ አዲስ አበባ ተበትኗልና ማውረዱም መቀበሉም ቴሌግራም ውስጥ ገብቷል። ቡድኑን የከፈተው ደረጄ የሚባል፣ መሥሪያ ቤት የሚውል ልጅ ነው። ዩኑስም በወፍራም አውራ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ያወርዳል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዝናብ ሲያካፋ፣ ጎረቤቱ ፋሲል ባጃጁን ዳገቱ ላይ ይዞ ሲታገል ዩኑስ ከሱቁ ሆኖ አየው። ሞተሯ እምቢ ብላለች፤ ፋሲል ጭቃ ለብሶ ይገፋል፣ ይጎትታል። ዩኑስ መቀሱን አስቀመጠና ወዲያው አወረደ፦

ባጃጇ ዳገት ላይ እምቢ ብላ ቆመች፣
በሬ አርጋ ፋሲልን ስታስጎትት ዋለች።

ዝናሽ ከበርበሬዋ መሀል ሆና ተቀበለች፦

እሰይ ደግ ሆነለት፣ እልል በሉ ጎበዝ፣
ሲስቅብን ኖሮ ዛሬ እሱም ይተክዝ።

ያየ ሁሉ የሳቅ ምልክት ደረደረ። ፋሲል ብቻ አላየውም፤ እጁ ጭቃ ነበር፣ ጭቃውን ሳይታጠብ ደግሞ ከቤት ተጠራ። ከሰዓት በኋላ ወሬው ገበያ ደረሰ። ከርማ ከርማ የታመመችው የፋሲል እናት አርፋለች።

«ኢና ሊላሂ…» አለ ዩኑስ። ከዚያ ቀልዷ ትዝ አለችውና ደነገጠ። ያ ምስኪን ነገ ስልኩን ሲከፍት ይቺን ሊያይ ነው? ግጥሟን በጣቱ ተጫን አድርጎ ያዛት፤ «አስተካክል» የምትለዋን ነካ። ቀልዷን ፊደል በፊደል ተረተራትና በቦታዋ እንባ ሰፋበት፦

ምሰሶው ተሰብሮ ቤት እንዴት ይቆማል፣
እናቱን ያጣ ሰው በማን ይጽናናል።

አየት አደረጋት። ከሰዓቱ ጎን የምትቀመጠዋን፣ ተቀይሯል የምትለዋን ደቃቅ ቃል ማን ልብ ይላታል? ስፌቱ አይታይም። ስልኩን ኪሱ ከተተና ድንኳን ሊያግዝ ሄደ።

በማግስቱ ቀብር ላይ ግን ዓለም የተገለባበጠ መሰለው። ዝናሽ ከሴቶቹ አጠገብ ስትደርስ ሴቶቹ ፈቀቅ ይላሉ። ዞር ስትል ይንሾካሾካሉ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብቻዋን ሄደች፤ ዩኑስን ስታልፈው ሰላም እንኳ አላለችውም። በነጋታው የበርበሬ መደቧ ባዶ ነበር።

«ምን ሆነው ነው?» እያለ ሲብሰለሰል ደረጄ በሱቁ በር አለፈ።

«ጋሽ ዩኑስ፣ ከቡድኑ አስወጣኋት እኮ።»

«ማንን?»

«ዝናሽን ነዋ! እርስዎ ያንን የመሰለ የኀዘን ግጥም ቢያወርዱ፣ እሷ እሰይ ትበል? እልል በሉ ትበል? ሰዎች ለፋሲል አሳይተውት፣ ‹ቤታችን እንዳትደርስ› ብሏል።»

«ዝናሽ? ኧረ ወላሂ አይሆንም!»

ስልኩን ከፈተ። እውነት ነው። ላይ የእሱ እንባ፣ ታች የእሷ እልልታ። የሳቁት ሁሉ ሳቃቸውን አንድ በአንድ ቀስ ብለው አንስተዋል፤ የቆመችው የዝናሽ ብቻ ናት፣ ከሥሯም እርግማን ተከምሯል። ዩኑስ አነበበ፣ ደገመ። ጉድ እኮ ነው፣ እሱ ራሱ ተናደደ። እናት ለሞተችበት ሰው እንዲህ ይባላል? ልቡ ግን አንድ ነገር ከንክኖታል፤ ምን እንደሆነ አልያዝለት አለ።

ምሳ ይዛ የመጣችው ሚስቱ ሙኒራ በትከሻው በኩል አየችው።

«ይቺ የባጃጇ መልስ አይደለችም እንዴ? ያኔ አንብበህልኝ የሳቅንባት።»

«የቷ ባጃጅ?»

«በሬ አርጋ ምናምን ያልካት። የት አባቷ ሄደች?»

ዩኑስ ግጥሟን እንደገና አየ። «እኔ እኮ… እንዳይከፋው ብዬ ተረተርኳት።»

«ሰው ከለበሰው በኋላ ትተረትራለህ? ዝናሽ እኮ እላይዋ ላይ ነው የተረተርክባት!»

ሱቁን ሳይዘጋ ወደ ዝናሽ ቤት ሮጠ። ደጃፏ ላይ ጌሾ ትለቅማለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«መጣህ? አንተም ልትሰድበኝ?»

«ግጥሟን የቀየርኳት እኔ ነኝ፣ ዝናሽ።»

የያዘችው ጌሾ ከእጇ ወደቀ። «አንተ! እኔ እኮ ራሴን ጠረጠርኩ። ባዩ እንኳ፣ የገዛ ባሌ፣ ‹ምነው እጅሽን በቆረጠው› አለኝ። ስለ ባጃጅ ነው ብል ማን ይመነኝ? የቷ ባጃጅ? የለችም! አብጃለሁ ወይ ብዬ ጠበል ልሄድ ነበር።»

«ልመልሳት? የድሮዋን?»

«በኀዘንተኛ ላይ ቀልድ ልትመልስ?»

«ላጥፋታ።»

«ያንተ ጠፍታ የኔ እልልታ ብቻዋን ታውደልድል?»

ዩኑስ ራሱን ያዘ። ቢመልሳት ፋሲል፣ ቢተዋት ዝናሽ፣ ቢያጠፋት ሁለቱም ይጎዳሉ። ጨርቅ እንዲህ አድርጎት አያውቅም።

«ሠርግ ቤት ሲሳሳቱ ምን ያደርጋሉ?» አለች ዝናሽ፣ ንዴቷ ሳይበርድ። «የወረደ ግጥም ይመለሳል? ሌላ ነው የሚጨመርበት። ሳትነካት ከሥሯ ጨምርበት።»

እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ከኀዘን ግጥሟ ሥር ፊደል ለቀመ፦ «ይህቺ ግጥም መጀመሪያ ሌላ ነበረች። ስለ ባጃጇ የቀለድኩት ነበር፣ ይኸውላችሁ።» ቀልዷንም እንዳለች ጻፋት። «ዝናሽ የተቀበለችው ይችን ነው፤ ያኔ ሞት አልተሰማም። ኀዘኑን ስሰማ ለማንም ሳልናገር ቀየርኩት። ጥፋቱ የኔ የዩኑስ ነው።» ተመለከታት። የተጣፈችው ቁራጭ አፍጥጣ ትታያለች፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ዝናሽን ከኋላው አስከትሎ ወደ ጋፋት መውጫ፣ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ዩኑስ ስልኩን ለፋሲል ሰጠው። ፋሲል አነበበ። ዝናሽ በሩ ላይ እንደቆመች ናት።

«በሬ አርጋ ፋሲልን…» አለ ፋሲል። «እማዬ ይችን ብትሰማ ሙሉ ቀን ነበር የምትስቀው።» ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ነገር ትከሻውን ናጠው። ከዚያ በአግዳሚው ላይ ጠጋ አለ። «ነይ ዝናሽ፣ እዚህ ተቀመጪ።»

ደረጄ በዚያው ዕለት ዝናሽን ይቅርታ ጠይቆ ወደ ቡድኑ መለሳት። ጥቂት ሰንብቶ ዩኑስ አንዲት ግጥም ሲያወርድ አንዲት ፊደል ሳተ፤ አስተካክሎ ከሥሯ «አንድ ፊደል አርሜያለሁ፣ ሌላ አልነካሁም» ብሎ ጻፈ።

ዝናሽ ተቀበለች፦ «ኧረ ዩኑሴ፣ ይኼንንስ ዝም ብለህ ስፋው!»

ዩኑስ ግራ ገባው። የቱ ይደበቃል፣ የቱ ይታያል? ተርትሮ እንደ አዲስ የሰፋውን ሱሪ አንስቶ ወደ ብርሃን ዘረጋው፤ የድሮውን የስፌት ምልክት ፈለገው። አጣው። ደስ ይበለው ወይስ ይክፋው አላወቀም፤ ማንጎራጎሩን ቀጠለ።