የተሰብሳቢዎች ፊርማ

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ትልቅ የምርምር ማዕከል ሊገነባ ነው ሲባል፣ ባሕር ዳርም ከሌሎች ከተሞች ጋር ተፎካከረች። እኔ የቦታ መራጭ ኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ በኩል ያሰብነው መሬት ቤት ተሠርቶበት አልቋል። የቀረን ጣና ዳር ያለ አንድ ሜዳ ነው፤ ሙስሊም ዓሣ አስጋሪዎች ደንገል የሚያደርቁበትና በደረቀው ደንገል ታንኳ የሚሠሩበት። ካርታችን ላይ ግን ባዶ ነበር።

ነዋሪዎቹን ሰበሰብን። የታንኳ ሠሪዎቹ ታላቅ የሆኑት አዛውንት እንግዳን ፊት ለፊት እንቢ ማለት ነውር ስለሆነባቸው «እንምከርበት» ብቻ ብለው ተቀመጡ። መቼም እኛ አገር ስብሰባ ያለ ፊርማ አያልቅም፤ የተሰብሳቢዎች ስም ያለበትን ወረቀት አዞርን። እሳቸውም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሳቸው አልጠረጠሩም።

የውድድር ሰነዳችን የሚገባበት ቀን ደረሰ፤ የነዋሪዎች ስምምነት አልነበረንም። ሰብሳቢያችን «ፈርመው የለ እንዴ?» አለኝ። ፊርማዎቹ ያሉባቸውን ገጾች እንዳሉ ትቼ «የተሰብሳቢዎች ስም» የሚለውን የፊት ገጽ አወጣሁና «ቦታውን ለመልቀቅ የተስማሙ» የሚል አዲስ ገጽ ተካሁበት። ለአፍታ እንኳ አላመነታሁም። ራሴን የምጠላው በዚህ ነው።

ሜዳው ታጠረ፤ ታንኳ ሠሪዎቹም ተነሡ። ከወራት በኋላ ማዕከሉ ለሌላ ከተማ ተሰጠ። የእኛ ቦታ ክረምት ክረምት ውሃ ይተኛበታል ተባለ። ይህን አዛውንቱን ብንጠይቃቸው ኖሮ በአንድ ቃል ይነግሩን ነበር። አጥሩ ግን ለሌላ ልማት ይፈለጋል ተብሎ እንደቆመ ቀረ።

አንድ ቀን ጠዋት አዛውንቱ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ ያን ዕለት የፈረምሁበትን ወረቀት አንብብልኝ» አሉ። «ሰዎቼ ሸጥኸን እያሉ ሰላምታ ነስተውኛል። እኔ እሺ ማለቴን አላስታውስም።»

ፋይሉን አወጣሁ። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ሥራዬ ታየኝ፣ የሚጠይቀኝ ሕግ ታየኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና እኔው የጻፍኩትን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው።

የአውራ ጣታቸውን አሻራ በእጃቸው ዳሰሱት።

«እንግዲያ እውነታቸውን ነው» አሉ በመጨረሻ። «እርጅና ነው፤ ዘንግቼው ነው። ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።»

ስላነበብኩላቸው መረቁኝ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው እንጂ አላስቆምኳቸውም።