የወንድሜ ዋስ

ወንድሜ ከደብረ ታቦር ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ንፋስ መውጫ ሲገባ አረማመዱ ደስ አላለኝም። ግራ እግሩን ባሳረፈ ቁጥር ከንፈሩን ነከስ ያደርጋል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«መንገድ ነዋ! አንተ ጥላ ሥር ተቀምጠህ ግጥም ስትጽፍ ምን ታውቃለህ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩና ነገሩን ተውኩት።

ጥር ነበር፤ ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። ወንድሜ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት በተማሪዎች ውድድር ረጅሙን ሩጫ ሲያሸንፍ ያየው አንድ የስፖርት አስተማሪ በጎንደር በኩል እሱ ወደሚያስተምርበት የመምህራን ማሰልጠኛ አስገብቶት ነበር። ምግብና መኝታ ከመንግሥት፣ ሲጨርስ አስተማሪ ይሆናል። አሁን ግን ከደረት ኪሱ ሌላ ወረቀት አወጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የወታደር ሯጮች ቡድን ፈልጎታል፤ ትምህርቱን ትቶ እስከ የካቲት ከደረሰ ይቀበሉታል።

«ወንድምጋሼ፣ አንተ ብዙ ታነባለህ፣ ሰውም ታውቃለህ። የቱ ይሻለኛል?»

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የቄስ ትምህርቴን ከግማሽ ጥዬ፣ እጄ የገባውን ጽሑፍ ሁሉ እያነበብኩ ግጥም መጻፍ በራሴ የተማርኩ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጅ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ነበርኩ። ከአገሬ ከጋይንት መውጣት እንደ ረኃብ ይሞረሙረኝ ነበር። ወንድሜ አዲስ አበባ ከገባ እኔም እከተለዋለሁ ብዬ ወረቀቱን አንብቤ ሳልጨርስ አሰብኩ።

«አዲስ አበባ» አልኩት። «ይህን ደግሞ ትጠይቃለህ እንዴ?»

ይህን ካልኩ በኋላ ነው ዋሱ ትዝ ያለኝ።

ማሰልጠኛው ሲቀበለው ዋስ ጥራ ብሎት ነበር። እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስተምሩት የእናታችን ወንድም፣ እኛም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» የምንላቸው፣ ዋስ ሆኑ። የዋስትናውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «ተማሪው ትምህርቱን ሳይጨርስ ቢጠፋ ፈልጌ አቀርባለሁ፤ ባላቀርብ በእሱ ፈንታ እያዛለሁ።» ቤት ስለመታልኝ ደስ ብሎኝ ጮክ ብዬ አንብቤላቸው ነበር። እሳቸውም አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ከሥሩ አተሙ።

አሁን ያ ቃል ያስፈራኝ ጀመር። ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ስውል ዋስ ምን እንደሚደርስበት አይቻለሁ። የእህቱን ልጅ ማቅረብ ያቃተው አንድ ሽማግሌ ከእስር ቤቱ አጥር ሥር ይቀመጥ ነበር። ሴት ልጁ ምሳውን በአገልግል ታመጣለታለች። የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ በጋቢው ፊቱን ይሸፍናል። በእሱ ቦታ የኔታን አሰብኳቸው።

በማግስቱ ወደ ቤተ ልሔም ወረድን። ቁልቁለቱ ላይ ወንድሜ ከኋላዬ ቀረ። ሯጩ እሱ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የምጠብቀው እኔ። ሦስት ጊዜ ጠበቅኩት። ሦስት ጊዜም «ጫማው ነው» አለኝ። አላመንኩትም፤ ግን አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይነግረኛል ብዬ ፈራሁ።

የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ በተማሪዎቻቸው ተከበው ተቀምጠው አገኘናቸው።

«የንጉሡ ፈረስ መጣ! ሣር አምጡለት!» አለ አንዱ ተማሪ። ሌሎቹ አውካኩ።

«ዝም በሉ!» አሉ የኔታ፤ እሳቸውም ግን ፈገግ ብለዋል። «ና እስቲ ልጄ። ማንም ሳያባርርህ ትሮጣለህ የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲህ እግዜር ይጠብቅህ።»

ጉልበት ስመን ተቀመጥንና ነገሩን አስረዳኋቸው። ማስረዳት አይቸግረኝም። የአዲስ አበባን ጥሩ ጥሩውን ደረደርኩላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ሰሙኝ።

«ከዋስነቱ ልውጣ ነው ነገሩ?»

«ከፈቀዱ፣ የኔታ።»

«እወጣለሁ። ዋስ ይለወጣል። እኔ ስወጣ አንተ ትገባለህ። መካሪው አንተ አይደለህ?»

«እሺ» ማለት ነበረብኝ። ግን ያ የአጥሩ ሥር ቦታ ታየኝ። ለየኔታ የፈራሁት አሁን በራሴ ላይ መጣ። ወንድሜ ፊቴን ያያል፤ ተማሪዎቹም ያዩኛል።

«ወረቀቶቹን አምጣቸው» አልኩት ወንድሜን፣ ጊዜ ለመግዛት። የማሰልጠኛውን አነበብኩ። ስለ ሩጫ አንድም ቃል የለበትም። ተምሮ ቢያልፍ ያልፋል፣ ቢሮጥም ባይሮጥም። የወታደሮቹን ወረቀት አነበብኩ። መጀመሪያ የዘለልኩት መስመር እታች ነበር፦ በሙከራው ወይም በጤና ምርመራው ያልተሳካለት በተራ ወታደርነት ይመደባል።

«እግርህን አሳየን» አልኩት።

«እግሬ ምን አገባህ!»

«ታነክሳለህ። ከመጣህ ጀምሮ አይቼሃለሁ።»

ተነሥቶ ቆመ። «ዋስ ሁን ስትባል ፈራህና በእኔ እግር ታመካኛለህ! ትናንት አዲስ አበባ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

እውነቱን ነው፤ ፈርቼ ነበር። እግሩንም ያመዋል።

«ና ልጄ፣ ጫማህን አውልቅ» አሉት የኔታ። ቅልጥሙን በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ዓይኑን ጨፈነ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከኅዳር።» ድምፁ ተሰባበረ። «አስተማሪው እንዳያውቅ ደብቄ ነው። የኔታ፣ የሚፈልጉኝ አሁን ነው። ካሳለፍኩት ማን ያስታውሰኛል?»

«ሄደህ ብትወድቅስ እዚያ ማን ያነሣሃል? አንድ ዘመድ የለን» አሉት የኔታ።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ። ቅድም የሳቁት ተማሪዎች መጽሐፋቸው ላይ አቀርቅረዋል።

በማግስቱ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር፣ ሌላው ወደ አዲስ አበባ። የትኛውን እንደሚይዝ አላወቅኩም። በዚያው ሳምንት የኔታን በበቅሎ ንፋስ መውጫ አምጥቼ ዋስነቱን በስሜ አዛወርኩ። ድፍረት አልነበረም። ከሁለቱ ፍርሃቶች የእሳቸው መታሰር ስለባሰብኝ ነው።

የወረዳው ጸሐፊ መዝገቡን እየዘጋ፣ «ገጣሚው፣ እንግዲህ ሳታስታውቅ ከወረዳው አትወጣም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ መለዮ ያደረገ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ባየሁ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጥ ነበር። የካቲት አለቀ። መጋቢት ሊጋመስ ሲል አንድ ነጋዴ ከደብረ ታቦር ደብዳቤ አመጣልኝ። የወንድሜ እጅ ጽሑፍ ነው። እዚያው ከፈትኩት።

«ለአስተማሪው ነገርኩት። ተቆጣኝ፤ እስከ ክረምት አትሮጥም ብሎ ጫማዬን ቆለፈብኝ። ትምህርቴን እየተማርኩ ነው። የአዲስ አበባዎቹ ሌላ ልጅ ወስደዋል። አሁንም አልታረቅኩህም። ዋሴ አንተ እንደሆንክ ሰማሁ፤ እስካሁን አላሰሩህም?»

ቆሜ ነበር ያነበብኩት። ተቀመጥኩና እንደገና አነበብኩት።